ዝለይ ያለኝ ሐኪም

ከጎንደር በወጣሁበት ማታ፣ ከአልጋዋ መነሣት የተወችው እታለም ተነሣች። ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይህን አልረሳም፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምርላችሁ።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ይታይሽን ነው። ልጅ ወልዳ ልጁ አልበረከተላትም፣ ባልዋም አልቆየም፣ እሷም ወደ አባታችን ቤት ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መብላት ተወች፣ ፀጉሯን መሠራት ተወች፣ ሰው ሲገባ «ደህና ነኝ» ትልና ብርድ ልብሷን ትጎትታለች። ጎረቤቱ ሁሉ ለበሽታዋ የየራሱን ስም አወጣላት። አንዱ ዓይን ነው አለ፣ አንዱ የባልዋ ዘመዶች ሥራ ነው አለ። በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ባዮሎጂ የማስተምረው እኔ ደግሞ «ድባቴ ይባላል» ብዬ ቃሉን በማወቄ ኮራሁ፤ ለእሷ ግን የፈየድኩላት ነገር አልነበረም። አባታችን መሪጌታ ነው፣ ብዙ አይናገርም። ዝም ብሎ ከእማዬ ጋር ጸበል ላካት።

ጸበሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነው፤ ባጃጅ እንኳ አይወጣውም። እታለም በየማለዳው እያለከለከች ስትወጣና ስትወርድ ሰነበተች። አንድ ቀን ከመንገድ ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ «ራበኝ» አለች። እማዬ እልል አለች። እኔም ያዳናት ዳገቱ ነው አልኩ፤ ልብ ሲመታ፣ ላብ ሲወጣ አእምሮም ይነቃል ብዬ አባዬን ማስተማር ጀመርኩ። እሱም «ዳገቱንስ ማን ሠራው?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ቤታችን ውስጥ የተሳቀበት የመጨረሻው ወራት እሱ ይመስለኛል።

ኋላ ጊዜው ከፋ። መንገዱ አላስኬድ አለ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ ጸበሉም ቀረ። እታለም ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች።

እኔ ለትምህርት ወደ ስዊድን የተነሣሁ ማታ ግን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ማንም ነይ አላላትም። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችም። መግቢያው ላይ አባዬ በግእዝ እያነበነበ ራሴን ዳበሰ፣ እማዬ አለቀሰች፣ እታለም ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እዚያ ሐኪም ካገኘሽ የኔንም በሽታ ጠይቂልኝ። መድኃኒት ካለው ላኪልኝ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ሻንጣዬን መዘኑና ይለፍ አሉኝ፤ ያንን እሺታ ግን የመዘነው የለም።

ኡሜዎ የምትባል የሰሜን ከተማ ገባሁ። ብርድ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፣ ደባርቅ ያደረ ሰው ምን ብርድ ይፈራል እያልኩ። የደባርቅ ብርድ ግን ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይሄዳል፤ የዚህኛው ባለርስት ነው፣ ንቅንቅ አይልም። በክረምታቸው ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ብቅ ትልና ሳትቀመጥ ትመለሳለች። ሰላምታቸውም እንደዚያው ነው። ማራኪ እያለሁ ከቤቴ እስከ ሚኒባሱ ድረስ የእናት የአባቴን ጤንነት፣ የሥራዬን ነገር፣ የእታለምን ሁኔታ ስጠየቅ ነበር የምደርሰው። እዚህ «ሄይ» ትባላላችሁ፣ በቃ። እኛ ዘንድ እንዲህ የሚባለው ማሳ የገባ ከብት ነው። እርጎ የሚመስል «ፊል» የሚሉት ነገርም አላቸው፤ ስኳርና ፍራፍሬ ነስንሰው ይበሉታል። እማዬ ብታይ ለወተቱ ታዝንለት ነበር።

የተከራየሁት ኬንት ከሚባል ሽማግሌ ነው፤ እሱ ታች፣ እኔ ላይ። ሽንኩርት ሲቁላላ ደረጃውን ወጥቶ ያንኳኳል፣ የሆነ ነገር ተቃጥሏል ወይ ብሎ። አልተቃጠለም፣ ወጥ ነው እለዋለሁ። ሽታው መቼ እንደሚያበቃ ይጠይቀኛል፤ ስበላው እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ተላመድን።

ትምህርቴን ስጨርስ አገር ቤት ያለው ነገር ብሶ ስለነበር እዚሁ ለመቆየት አመለከትኩ። የቢሮዋ ሴትዮ ትሑት ነበረች፣ ቡና ቀድታ አስቀመጠችኝ። ውሳኔው ሳይመጣ ከአገር ከወጣሁ ማመልከቻዬን እንደተውኩት እንደሚቆጠር አስረዳችኝ። እህቴ ታማለች አልኳት። ሕመሟን ጠየቀችኝ፤ ድባቴ ነው አልኳት። ለሞት ተቃርባለች ወይ አለችኝ። ኧረ በፍጹም አልኳት።

«እንግዲያው ደስ ሊልሽ ይገባል» አለችኝ፣ ከልቧ።

ከመስቀል በኋላ ከእታለም አንድ የድምፅ መልእክት መጣ። ንፋስ ይሰማል፣ የጫማዋ ኮቴ ይሰማል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ዳገቱ ላይ ነኝ መቄ። መንገዱ ትንሽ ተከፈተ። ስደርስ እደውልልሻለሁ» ትላለች። ስትደርስ አልደወለችም። በማግስቱ ኢንተርኔቱ ተዘጋ፣ እንደ ልማዱ፤ ሲከፈትም የእታለም ድምፅ አልተመለሰም። ስልኳን ድሮም ድምፁን ዘግታው ነው የምትተኛው፣ ጥሪው ይበጠብጠኛል እያለች። በቴሌግራም ስጽፍላት ግን፣ ቀኑን ውሎም ቢሆን፣ መታየቱን የሚነግረው ሁለቱ ምልክት ይመጣል። እሱን ሳይ እጽናናለሁ።

እማዬ ስልክ ላይ መቆየት ተወች። «ድምጥሽን ከሰማሁ ይበቃኛል» ብላ ለአባዬ ታቀብላለች። አባዬን እታለምስ እለዋለሁ።

«አርፋለች፣ ልጄ» ይለኛል።

ተመልሳ ተኛች ማለት ነው አልኩ። ሌላ ጊዜም ጠየቅኩት፤ አርፋለች። በገና ጠየቅኩት፤ አርፋለች። አባዬ ውሸት እንደማይወጣው አውቃለሁ፤ የሰው በግ ማሳችን ገብቶ በላ ወይ ቢሉት እንኳ፣ በዓይኑ ካላየ «እኔ አላየሁም» የሚል ሰው ነው። ስለዚህ አመንኩት። ድምፁ ለምን እንደዚያ ዝግ እንደሚል ግን ልቤ ይጠይቅ ነበር፣ እኔም ልቤን ዝም አሰኘዋለሁ።

በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ወደኔ መጣ። ከቀን ቀን ሳላስበው ፀጉሬን መሠራት ተውኩ፣ ሽንኩርት መቁላላት ተውኩ፣ መጋረጃውን መክፈት ተውኩ። በግራ ጎኔ ተኝቼ ግድግዳውን ሳይ እታለም በቀኝ ጎኗ ተኝታ ከወዲያ በኩል የምታየኝ ይመስለኝ ነበር። በመካከላችን ግድግዳው ብቻ ነበር የቀረው። ፈራሁ። አንድ ቀን ኬንት መጥቶ አንኳኳ። ድምፅሽ ጠፋ፣ ሽታም የለም፣ በሕይወት አለሽ ወይ አለኝ። ያለሁ ይመስለኛል አልኩት። ይህ አጥጋቢ መልስ አይደለም ብሎ ራሱ መኪናው ውስጥ ከቶ «ቮርድሴንትራል» ወደሚሉት ጤና ጣቢያ ወሰደኝ።

ሐኪሟ አስተርጓሚ በስልክ አቀረበችልኝ፤ ድምፁ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሐኪሟ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች፣ እሱም «ደብሮሻል ወይ ነው የምትልሽ» አለኝ። ያልደበረው ማን አለ ወንድሜ አልኩት። እሱንም ተረጎመው መሰለኝ፣ ሐኪሟ ብዙ ጻፈች። በኋላ ሁለታችን በእንግሊዝኛ ተግባባን። ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቤ፣ መሞት ይሻላል ብዬ አስቤ እንደሆነ ሁሉ በዝግታ ጠየቀችኝ፤ እኔም ሳልደብቅ ነገርኳት። ክኒን ወደፊት እናያለን፣ አሁን ግን የማዝልሽ ይህን ነው ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። ልቤ እስኪመታና እስኪያልበኝ እንድንቀሳቀስ፣ በሳምንት ደጋግሜ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር። ብቻሽን እንዳይሆን አለችኝ። የሷ በሽተኞች የሆኑ ብዙ ሴቶች እንዲህ እንደተነሡ ነገረችኝ፤ ሁሉም አይደሉም፣ ግን ብዙዎች።

በስዊድንኛ የተጻፈውን ወረቀት «ሬሴፕት»፣ ማዘዣ፣ ስላለችው፣ ማዘዣ ሁሉ እዚያ የሚወሰድ መስሎኝ ይዤው «አፖቴክ» ሄድኩ፤ አፖቴክ መድኃኒት ቤት ነው። ልጅቱ አነበበችው፣ እኔን አየችኝ፣ መልሳ አነበበችው። «ይህ እኛ ጋ የለም። መዝለል ነው የታዘዘልሽ» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሳይስቁ ሳቁ፣ ስዊድኖች ይህን ይችሉበታል።

መዝለሉ ለኔ ቀላል ነገር አልነበረም። እማዬ ከደባርቅ ወዲያ ያለችው የድብ ባሕር ልጅ ናት። እዚያ ሴት ያለ ምክንያት አትሮጥም። ልጅ ሆነን የጎንደርና የደባርቅ መንገድ ዳር ቆመን፣ አንዲት ሴት እየሮጠች ስታልፍ አይተን የሳቅን ጊዜ እማዬ ያለችንን አሁንም እሰማዋለሁ።

«ሴት ስትሮጥ ካያችሁ ምነው ብላችሁ አትጠይቁ። ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ ተከተሏት። ሰው ሞቶባት ነው» አለችን።

የተላክሁበት «ዪምፓ» ይባላል፤ በሙዚቃ የሚዘለል ስፖርት ነው። በሩን ስከፍት እግሬ ተያዘ። አዳራሽ ሙሉ ሴት፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር በጥቁር ለብሳ፣ ዝም ብላ ቆማለች። ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝና ነፍስ ይማር ልል ምንም አልቀረኝ። ኋላ ነው የስፖርት ልብሳቸው ሁሉ ጥቁር መሆኑን የተረዳሁት፤ እኔም ገዛሁ። የምታሠራን ማሪታ የምትባል ደልደል ያለች ሴት ናት። ሙዚቃውን ትከፍትና ዝለሉ ትላለች። እጅ ወደ ሰማይ፣ እጅ ወደ ደረት፣ ዝለሉ፣ እንደገና።

መጀመሪያ ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቀጥሎም እንዲሁ። መድኃኒቱ የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው፤ እናንተም ከታዘዘላችሁ በአንድ ሳምንት አትፍረዱበት። መጀመሪያ የተመለሰልኝ እንቅልፌ ነው። ቀጥሎ አንድ ሐሙስ ከዪምፓ ወጥቼ በበረዶው ላይ ስራመድ የሽሮ ፍላጎት እንደ ልጅነቴ ጠለፈኝ። «ራበኝ» አልኩ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ። የእታለም ድምፅ ነበር የመሰለኝ። ሽንኩርት ቁላሁ፤ ኬንት መጥቶ አንኳኳና፣ ምንም ሳይል፣ ራሱን ነቅንቆ ወረደ።

እሺ ያልኩት እዚያ ላይ ነው የቆረቆረኝ። መድኃኒቱን አግኝቼዋለሁ፣ ጠይቂልኝ ያለችኝ ደግሞ ተኝታለች። በድምፅ መልእክት ተነሽ እላት ጀመር፤ ጸበሉ ቢርቅ ግቢ ውስጥ ዝለይ፣ ከእማዬ ጋር እስከ ፒያሳ በእግራችሁ ውጡና ተመለሱ፣ ማንም ቢስቅ ግድ የለሽም። ሁለቱ ምልክት ይመጣል፤ መልስ አይመጣም። ተናደድኩና ለአባዬ ደወልኩ። እታለምስ አልኩት።

«አርፋለች» አለኝ።

«አባዬ፣ አታሳርፏት። እኔ በሐኪም ነው የምነግርህ፣ ዕረፍት ነው የጎዳት። ከተኛችበት አስነሷት።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ አባዬ፣ አባዬ አልኩ።

«የሚያስነሣስ እሱ ነው» አለኝ፣ «እሱ ያስነሣታል።»

ይህ የመሪጌታ ነገር ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ዳገቱንስ ማን ሠራው ያለኝ ጊዜ ትዝ ብሎኝ ፈገግም አልኩ።

አውርቼ ካላሳመንኳት ላሳያት ብዬ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ አጠገቤ የምትዘለውን ሴት በስልኬ እንድትቀርጸኝ ለመንኳት። ፊት ለፊት ቆምኩ። ያን ቀን ከመቼውም አብልጬ ዘለልኩ፣ ለሁለት ሰው ነበር የምዘልለው። እጄን ወደ ሰማይ አነሣለሁ፣ ደረቴን እመታለሁ፣ ከኋላዬ ጥቁር የለበሱት ሴቶች አብረውኝ ይዘልላሉ። ፀጉሬ ተበትኗል፤ ፊቴ ላይ የሚወርደው ላብ ይሁን እንባ እኔም አላውቀውም። «እታለም፣ ላኪልኝ ያልሽኝ ይኸውልሽ» ብዬ ላኩት።

ሳልውል ሳላድር፣ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ስልኬ ጠራ። የእታለም ስም፣ የእታለም ፎቶ። ከስንት ጊዜ በኋላ። መሬት ላይ ነጠላ ካልሲዬን እንዳደረግኩ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ተነሣች አልኩ። አይታኝ ተነሣች።

«እታለሜ» አልኩ።

«ልጄ» አለችኝ እማዬ። ድምፅዋ ተዘግቷል፣ ከኋላዋ ሌላ ሴት ታለቅሳለች። «መቅደስ፣ ልጄ፣ ማን ነገረሽ?»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«ምነው እኛ ሳንነግርሽ ማን ነገረሽ? አባትሽ ፈቃዷ ወጥቶ ስትመጣ፣ ዘመድ ባለበት እናርዳት፣ በሰው አገር ብቻዋን አትስማ ብሎ ነበር። አሁን ሳይሽ ጊዜ እኔም እዚሁ ሆኜ አብሬሽ አለቀስሁ። ድምጡ አይሰማም፤ ግን አየሁሽ። ዘለልሽላት፣ ደረትሽን መታሽላት። ሸጋ አድርገሽ አለቀስሽላት፣ ልጄ።»

ያኔ ነው የአባዬ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ዞሮ በሌላው ፊቱ የቆመው። አርፋለች። ከመስቀል ጀምሮ ነግሮኛል፤ አንድም ጊዜ አልዋሸኝም። እኔ ደግሞ አስነሷት ብዬዋለሁ። አባቴን፣ ልጁን የቀበረውን ሰው፣ አስነሷት ብዬዋለሁ።

እማዬ አላቋረጠችም፤ ብዙ ወር የያዘችው ነገር ነበር። ትኩሳት ነው አለችኝ፣ ሐኪም ቤትም ተወስዳ ነበር፣ ሳምንት አልሞላትም። ግድግዳው አልወሰዳትም አለችኝ። ተነሥታ ነበር፣ ዳገቱን መውጣት ጀምራ ነበር፣ ምግብም ይላት ነበር። ስልኳን እማዬ ትራሷ ሥር አድርጋ በየቀኑ ትከፍተዋለች፤ ማንበብ አትችልም፣ የኔን ፎቶ ግን ታውቃለች፣ እሱን ነክታ ታየኛለች። ተነሽ፣ ዝለይ እያልኩ የላክሁት ድምፅ ሁሉ ሳይሰማ እዚያው አለ።

«ሰዎቹም ሸጋ ናቸው» አለችኝ። «ፈረንጅ ለሰው አያለቅስም ሲሉ ነበር የምሰማ። አዳራሽ ሞልተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ አብረውሽ ሲዘልሉ አየሁ። ልጄ መርዶዋን ብቻዋን ትሰማለች ስል ነበር የከረምሁ። እግዜር ይስጥልኝ በያቸው።»

ስፖርት ነው እማዬ ልላት አፌ ተከፈተ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። «እሺ፣ እላቸዋለሁ» አልኳት።

አባዬ ስልኩን ተቀበለ። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ውሸት አልነገርሁሽም» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

እማዬ መልሳ ተቀበለችና፣ ለአልቃሽ እንደሚባለው፣ «እንግዲህ ይብቃሽ። ዕረፊ» አለችኝ።

አላረፍኩም። ጧት አልጋዬ ላይ ግድግዳው ጠበቀኝ፤ ተነሣሁ። መንገዱ ላይ የእታለምን የመጨረሻ መልእክት በጆሮዬ አድርጌ ሄድኩ፤ ንፋሱ፣ ኮቴዋ፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚለው ትንፋሿ። ስደርስ እደውልልሻለሁ ትላለች። ሐሙስ ሲመጣ ጥቁሬን ለብሼ ዪምፓ ገባሁ። ለማሪታና ለሴቶቹ እናቴ አመስግናችኋለች አልኳቸው። ስለ ምን አሉኝ። አብራችሁኝ ስለዘለላችሁ አልኳቸው። ደስ አላቸው፣ ማሪታም ለእናትሽ ሰላም በይልን አለችኝና ሙዚቃውን ከፈተች።

አጠገቤ ያለችው ሴት ሳልጠይቃት ስልኬን አንሥታ ቀረጸችኝ። ከአዳራሹ ስወጣ በረዶው ላይ ቆሜ ቪዲዮውን ለእታለም ላኩት። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱ ምልክት መጣ።